አባዬ ክፍል ያለው ስክሪን

«ገመድ የለውም ብለሽ አልነበር? ታዲያ ይሄ ምንድነው፣ ጅራት ነው?»

አባቷ ከካርቶኑ ውስጥ ያወጣውን ጥቁር የኤሌክትሪክ ገመድ፣ አይጥ በጭራዋ እንደያዘ ሰው ከፍ አድርጎ አሳያት። እሷ ወለሉ ላይ ተንበርክካ የስክሪኑን እግር በብሎን እያሰረች ስለነበር ቀና አላለችም።

«እሱ የመብራቱ ነው፣ አባዬ። የለውም የሚባለው ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ገመድ ነው።»

«ታዲያ ግማሽ ገመድ አልባ ብለው አይጽፉም? በትልቁ ‹ገመድ አልባ› ብሎ ጽፎ ገመድ ከቶ መላክ ምን የሚሉት ድፍረት ነው? እኔ ‹በቀጥታ የሚሄድ› የሚል ለጥፌ በየመንደሩ ብቆም ኖሮ ተሳፋሪ በዱላ ይቀበለኝ ነበር።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ትስቅ ነበር። ቀልዱ ክፉ እንዳልሆነ ይገባታል፤ የት ቦታ እንደሚሳቅም ታውቃለች። ሳቁ ግን አልመጣም። ብሎኑን አጥብቃ ስክሪኑን አቆመችውና «እስቲ ከዚያ ጋ ያዝልኝ» አለችው።

አባቷ ጡረታ የወጣ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ሲነዳ መንገድ ዳር የተተከለውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብሎ የማንበብ ልማድ ነበረው፤ የድልድዩን ስም፣ የጋራዡን ማስታወቂያ፣ «ፍጥነት ቀንስ» የሚለውን ሳይቀር። ረዳቴ እንዳያንቀላፋ ብዬ ነው ይላል። አውቶቡሱም ረዳቱም ቀሩ፤ ልማዱ አልቀረም። አሁን የመድኃኒቱን ብልቃጥ ያነባል፣ የሳሙናውን መጠቅለያ ያነባል፣ ቴሌቪዥን ሲያይ ከሥር የሚሮጠውን ጽሑፍ ከአንባቢው ቀድሞ ያነባል። ልጁ ሳሎን ተቀምጣ ስትሠራ፣ ከኋላዋ ሲያነብ ይውላል።

እሷ የውሃ መስመር ንድፍ ትሠራለች። የትኛው ቧንቧ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚታጠፍ፣ የት ላይ መዝጊያ እንደሚገባለት ኮምፒውተር ላይ የምትስለው እሷ ናት። እናቷ ከታመመችበት ጊዜ ጀምሮ መሥሪያ ቤቷ ከቤት እንድትሠራ ፈቅዶላት ነበር። እናቷ ሞተች፤ እሷም እዚያው ከቤት መሥራቷን ቀጠለች። የቀብሩን ነገር ያስተካከለችው እሷ፣ እንግዳ የተቀበለች የሸኘችው እሷ፣ የእናቷን ልብስ አጥባ አጣጥፋ ለዘመድ ያደለችው እሷ። ሁሉንም በሥርዓት ጨረሰች። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር እንደጎደላት አወቀች፤ ማልቀስ የሚባለው ሳይመጣ ቀርቷል። «ቆይቶ ይመጣል» አሏት። ቆየ እንጂ አልመጣም። ማልቀሱ ብቻ ሳይሆን፣ መናደዱም መሳቁም አብረው ቀሩ። ጠዋት ተነስታ ለአባቷ ቁርስ ታቀርባለች፣ ቧንቧዋን ትስላለች፣ ምሳ ትሠራለች፣ ትተኛለች። እግሯ ላይ ተቀምጣ የደነዘዛት ይመስል፣ ነገሩን ሁሉ እየረገጠች አይሰማትም።

መቼም መሥሪያ ቤት ቀኝ እጁ የሚልከውን ግራ እጁ አያውቅም። ንብረት ክፍሉ ከስንት ወር ጥያቄ በኋላ ይህን ስክሪን «ለቤት ሥራ እንዲያመችሽ» ብሎ ዛሬ ጠዋት ላከላት። ካርቶኑን ገና ከበሩ ሳታስገባ ከአለቃዋ ደግሞ መልእክት መጣ። ፕሮጀክቱ ወደ ሌላ ከተማ ስለተዛወረ ከቤት መሥራት ቀርቷል፤ ከወሩ መጀመሪያ አንስቶ እዚያ በአካል መገኘት አለብሽ፤ መኖሪያ መሥሪያ ቤቱ ይሰጣል፤ ትመጪ እንደሆነና ምን ዓይነት ቤት እንደምትፈልጊ ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት ጻፊልኝ፤ ካልሆነ ቦታሽን ለሌላ ሰው እንሰጣለን፣ አትቀየሚን።

መልእክቱን አንብባ ስልኳን ኪሷ ከተተችው። ለአባቷ አልነገረችውም። ስክሪኑንም መልሳ ካርቶኑ ውስጥ ልትከተው ነበር፤ አባቷ ግን እስከዚያ ድረስ ማሸጊያውን በቢላ ቀዶ ጨርሷል። አዲስ ዕቃ ሲመጣ እንደ ሕፃን ያደርገዋል።

የሳሎኑ ሶኬት ከተቃጠለ ሰንብቷል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው «ነገ እመጣለሁ» ብሎ የሄደ እንደሄደ ነው። ደህና ሶኬት ያለው አባቷ ክፍል ስለሆነ ስክሪኑን ለሙከራ እዚያ፣ የእናቷ መስታወት የነበረበት ኮመዲኖ ላይ አቆሙት። ላፕቶፑን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀምጣ ከፈተችው።

«መሣሪያዎችን በመፈለግ ላይ» አለ አባቷ፣ ከትከሻዋ በላይ እያነበበ። «ምን ይፈልጋል? ፊት ለፊቱ ቆሞለት!»

«ቆይ፣ ያገኘዋል።»

ስሞች ተደረደሩ። የመጀመሪያውን ልትነካ ስትል አባቷ እጇን ያዘው።

«‹የደስታ ቤት ቴሌቪዥን› ይላል። እሱ የላይኞቹ ጎረቤቶች ነው! ቧንቧሽን እላያቸው ላይ ልትለቂባቸው ነው እንዴ?»

«ወይ ጉድ» አለች፣ ጉድ ሳይሆንባት። ቀጣዩን ነካች። ስክሪኑ ላይ ቁጥር ብቅ አለ፤ አባቷ ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠራላት፣ እሷ ጻፈች። ጥቂት ጥቁር ሆኖ ቆየና በራ፤ ላፕቶፑ ላይ ያለው የቧንቧ ንድፍ ከነቀለሙ ኮመዲኖው ላይ ተዘረጋ። አባቷ አጨበጨበ።

«‹ይህንኑ አሳይ› ወይስ ‹ገጹን አስፋ›?» ሲል አነበበ። «የቱ ይሻላል?»

«ለሥራ ማስፋቱ ነው። ለጊዜው ግን ይህንኑ ያሳይ፣ በኋላ እቀይረዋለሁ።»

«በኋላ» ያለችው የወንድሟ የምሳ ሰዓት ስለደረሰ ነው። ወንድሟ ታላቋ ነው፤ ሌላ ከተማ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ አለው፣ ሚስትና ልጆችም አሉት። ጠዋት «ምሳ ሰዓት ላይ በቪዲዮ ደውልልኝ፣ ብርቱ ጉዳይ አለኝ» ብላ ጽፋለት ነበር። ላፕቶፑን አንስታ ኩሽና ገባችና በሩን ዘጋች። ገመድ ቢኖረው ኖሮ ተነቅሎ ሲንጠለጠል ታየው ነበር። ገመድ የለውም፤ እሷም ክፍሉን ለቃ በመውጣቷ ነገሩ ያለቀ መሰላት። አባቷ ወሬዋን እንዳይሰማ ቧንቧውን ከፈተችና ውሃውን ትልቁ ሳፋ ላይ ለቀቀችው። ሰው ሲፈራ ብልሃት አያጣም።

ወንድሟ ደወለ። ፊቱ ሞላ ብሎ መጣ፤ ከኋላው በመደርደሪያው ላይ የተደረደሩ የፍሬን ሸራዎች ይታያሉ። አፉ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም።

«ወንድምጋሼ፣ አይሰማኝም። አንተ ትሰማኛለህ?»

አዎ በሚል ራሱን ነቀነቀ። ኔትዎርኩ ይሆናል ብላ ተወችው። እንዲያውም ደስ አላት ማለት ባይቻልም ቀለላት፤ እየተቋረጡ ከመነጋገር አንዴ ተናግሮ መጨረስ ይሻላል።

«ስማኝ እንግዲህ» አለች። «ሥራዬ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። ካልሄድኩ እባረራለሁ፤ መልሱንም ዛሬ ከሥራ መውጫ በፊት ይፈልጉታል። አባዬ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ እማዬ ከሞተች ማግስት ‹ከዚህ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው› ብሎ ምሏል። እኔ ብለምነው አይሰማኝም፤ አንተ ታላቅ ነህ፣ አንተን እምቢ አይልህም። ውሰድልኝ።» ውሃው ሳፋው ላይ ይንዶለዶላል። «እውነቱን ልንገርህ፣ እሺ ቢለኝም ይዤው መሄድ አልፈልግም። አልጠላሁትም። ግን ምንም አይሰማኝም፣ ወንድምጋሼ። ሲያወራም አይሰማኝም፣ ዝም ሲልም አይሰማኝም። አንድ ክፍል ገብቼ በሩን ዘግቼ ማንም ሳያነብብኝ መተኛት ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ወንድሟ ብዙ ተናገረ። ግንባሩን አሸ፣ ሁለት እጁን ዘረጋ፣ ወደ ሱቁ በር ዞር ብሎ ተመለሰ። እጁን መዘርጋቱ ምን ችግር አለው ማለት ይሆናል ብላ አሰበች፤ ምን ላድርግ ማለትም ሊሆን ይችላል። «አልሰማሁህም፣ በጽሑፍ ላክልኝ» አለችው። ይህኔ ሳፋው ሞልቶ ውሃው እግሯ ላይ ፈሰሰ። እጇን ሰዳ ቧንቧውን ዘጋች።

ቤቱ ጸጥ አለ። በጸጥታው መሃል የወንድሟ ድምፅ፣ ወፍራምና ጥርት ያለ፣ ከአባቷ ክፍል መጣ።

«…በቃ እሺ፣ ደንበኛ ቆሞብኛል። እጽፍልሻለሁ። ቻው።»

ላፕቶፑ ላይ ያለው አፍ ያንኑ ቃል ሲል አየችው። ከዚያ ጠፋ።

እግሯ ውሃው ውስጥ እንዳለ ነገሩ ገባት። ስክሪኑ አልተቋረጠም ነበር ማለት ነው። ምስሉንም ድምፁንም ይዞ አባቷ ኮመዲኖ ላይ ሲያወራ ቆይቷል። ሌላ ሴት ብትሆን ጉንጯን ትነጭ ነበር፣ ወይም ወደ ውጭ ትሮጥ ነበር። እሷ ጨርቅ አምጥታ ወለሉን ወለወለች፤ ጨርቁን ጨምቃ ሰቀለችና ወደ አባቷ ክፍል ሄደች።

አልጋው ጫፍ ላይ፣ ስክሪኑ ፊት ለፊት ተቀምጧል። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጓል፤ ያ የፍሬን መርገጫ ዕድሜ ልኩን የበላው ጉልበት። ስክሪኑ ላይ ተመልሶ የቧንቧው ንድፍ አለ።

«አባዬ።»

«እ?»

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት ወይ! ቤት ሙሉ ሆኖ መጣ እኮ። ወፍሯል፣ አይደል? ጉንጩ ብቻውን ይህን ክፍል ይሞላል።»

«የኔንስ?»

«ያንቺ ድምፅ አይመጣም። ጥግ ላይ ትንሽዬ ሆነሽ አፍሽ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው።» ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። «የሱን ነው የሰማሁት።»

ይቅርታ ማለት እንዳለባት ታውቃለች። ቃሉንም ታውቀዋለች። ፈለገችውና፣ ሲገኝ ከአፏ ለማውጣት የሚያበቃ ጉልበት አጣች። በምትኩ የሚያስፈልጋትን ጠየቀች።

«ምን አለ?»

አባቷ ወዲያው መለሰ። «እሺ አለ። ታዲያ ምን ይላል፣ ልጄ አይደለም እንዴ? ‹ይምጣ› ነው ያለው። ክፍል አለኝ አለ፣ መስኮት ያለው ክፍል። መስኮቱ ወደ መንገድ ነው፣ ምልክቶቹን ሁሉ ያያል አለ። ሚስቱም ደስ ብሏታል። ልጆቹም እየጠየቁ ነው አለ።»

«ይህን ሁሉ አለ?»

«ምን ይደንቅሻል? ወሬ ያበዛል፣ ወደ እኔ ነው የወጣው።»

«ከዚህ ቤት አልወጣም ስትል አልነበር?»

«ሰው ይናገራል፣ ሚጡ።» ሕፃን ሳለች ነበር እንዲህ የሚጠራት፤ አሁንም ሲያመቸው ይጠራታል። «ሹፌር ‹ዛሬ አልነዳም› ብሎ ይምላል፤ ተሳፋሪ ሲመጣ ይነሳል። አንቺ ሂጂ። ሥራ እንደ ሰው አይለመንም፣ ካመለጠ አመለጠ ነው።»

እሷ በሩን ተደግፋ ቆማለች። የፈለገችውን አግኝታለች። ደስታ ባይመጣ እንኳ ቢያንስ ከትከሻዋ የሚወርድ ነገር ይኖራል ብላ ጠብቃ ነበር፤ ትከሻዋ እንደነበረ ነው።

«ምንም አይሰማኝም ብለሻል መሰለኝ» አለ አባቷ፣ ስክሪኑን እያየ። «እሱ ‹አይሰማኝም ማለት ምን ማለት ነው› እያለ ሲጮህብሽ ነበር። ከመቼ ወዲህ ነው?»

«እማዬ ከሞተች።»

«እንግዲያ ሁለት ነን። እኔ ደግሞ ዝም ስል ነው የሚሰማኝ። ለዚያ ነው ያገኘሁትን የማነበው።» ከዚያ የተናገረው ያሳፈረው ይመስል እጁን አወናጨፈ። «በይ ሂጂ፣ ለአለቃሽ መልስ ስጪ። እስከ መውጫ ሰዓት ነው ሲልሽ ሰምቻለሁ፣ እንዳይደርስብሽ።»

ኩሽና ተመልሳ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። ስልኳ ኪሷ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ወንድሟ ነው።

«እህቴ፣ ቅድም እንደነገርኩሽ ነው። ቤቱ ለኛም አልበቃንም፣ ባለቤቴም ፈጽሞ አልተስማማችም። በዚህ ዕድሜው አባባን ከቤቱ ማንቀሳቀስም ነውር ነው። አንቺ ስላላገባሽ ይቀልሻል፤ እንደምንም ቻይውና ሌላ ሥራ ፈልጊ። እኔን አትቀየሚኝ። ለእሱ ምንም እንዳትነግሪው፣ ይከፋዋል።»

ደግማ አነበበችው። ከላይ እስከ ታች መስኮት የሚል የለም። ልጆቹ ጠየቁ የሚልም የለም።

ተነስታ ኮሪደሩ ላይ ወጣች። የአባቷ በር ገርበብ ብሏል። ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ያቺን የሥራ ዘመኑን ሻንጣ አውርዶ አልጋው ላይ ከፍቷታል። ሸሚዞቹን አንድ በአንድ ያጣጥፋል፤ እጅጌውን ወደ ኋላ፣ አንገቱን ወደ ላይ፣ እናቷ ታጣጥፍለት በነበረው ዓይነት። የማታ ካልሲዎቹን ጥቅል አድርጎ ጫማው ውስጥ ወተፈ። ከዚያ ቀና ብሎ ሻንጣውን እያየ ቆመ። ወዴት ሊሄድ ነው? የዚያን «አይሆንም» ያለውን ልጁን በር ሊያንኳኳ ነው? ወይስ እሷን ሸኝቶ፣ በር ዘግቶ፣ ባዶ ቤት ሊቀመጥ ነው? እሱም ራሱ ያወቀ አይመስልም። ብቻ እሷ እንድትሄድ፣ እሱ እየሄደ መምሰል ነበረበት። ይህ ሰው አይደለም እንዴ ከዚህ ቤት በሰው ትከሻ ካልሆነ አልወጣም ያለው?

ደረቷ ሥር አንድ ነገር ቆነጠጣት። ትልቅ ነገር አይደለም፤ የደነዘዘ እግር ደም ሲመለስበት የሚወጋውን ያህል ነው። አዘነችለት። አዘነችለት ብላ በውስጧ ደግማ አለችውና እውነት መሆኑን አረጋገጠች። ከዚያ እንዳይሰማት ብላ በእግር ጣቷ ወደ ኩሽና ተመለሰች።

ላፕቶፑ ጥግ ላይ ከስክሪኑ ጋር መገናኘቱን የምታሳየው ትንሽ ምልክት አሁንም እንደበራች ናት። ነካችው፤ «አቋርጥ» የሚል ቃል ተከፈተ። ጣቷን ቃሉ ላይ አሳርፋ ቆየች። ከዚያ ሳታቋርጥ ዘጋችውና የአለቃዋን መልእክት ከፈተች። ፊደሉን ራቅ ብሎ የሚያይ ዓይን እንዲያነበው አድርጋ አተለቀችው። ቧንቧው መዘጋቱን ዞር ብላ አየች።

«ጤና ይስጥልኝ። ሥራውን ተቀብያለሁ፣ እመጣለሁ» ብላ ጻፈችና እጇን አነሳች።

ከክፍሉ የሻንጣው ዚፕ ድምፅ ቆመ። ትንሽ ቆይቶ አባቷ እንደ ልማዱ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «ጤና ይስጥልኝ። ሥራውን ተቀብያለሁ፣ እመጣለሁ። እሰይ! እንዲህ ነው እንጂ!»

ቀጠለች። «ስለ ቤቱ፦ ሁለት መኝታ ክፍል ያለው ይሁንልኝ።»

«ስለ ቤቱ፣ ሁለት መኝታ ክፍል…» ድምፁ ዝግ አለ። «ሁለት ምን ያደርግልሻል?» አለ፣ ለእሷ ይሁን ለስክሪኑ ሳይታወቅ።

«አባቴ አብሮኝ ይመጣል» ብላ ጻፈች።

ይህን አላነበበም። እሷ ጆሮዋን ጥላ ጠበቀች፤ የአውቶቡስ ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ ያየውን ጽሑፍ ሁሉ ሲያነብ ኖሮ፣ ይህችን አንድ መስመር ዝም ብሎ አለፋት። ከላይኞቹ ቤት ወንበር ሲጎተት ተሰማ። አልጋው ሲጥ ሲል ተሰማ፤ ተቀምጧል ማለት ነው። እሷም የቀረውን ጻፈች።

«ቢቻል ምድር ላይ ያለ ቤት ይሁን። አባቴ ጉልበቱን ስለሚያመው ደረጃ አይወጣም።»

«ማነው ደረጃ አይወጣም ያለሽ?» ድምፁ ግድግዳውን አልፎ መጣ፤ መሃል ላይ ተሰብሮ ነበር፣ በሳል አስመስሎ አስተካከለው። «እወጣለሁ በያቸው! አንቺ ልጅ፣ ትሰሚኛለሽ? አጥፊው እሱን!»

«እሰማሃለሁ» አለች።

«እወጣለሁ በያቸው እንጂ!»

«እሺ፣ አባዬ» አለችና፣ አንድ ፊደል ሳታጠፋ እንዳለ ላከችው።